የቦራ ግራና ቀኝ

ተረት ተረት ስል የላም በረት በሉኝ። ዛሬ እዚያው በረት ውስጥ ይዣችሁ ልገባ ነው፤ ጠጋ ጠጋ በሉ።

በረቱ ከደብረ ብርሃን ከተማ ወጣ ብሎ ይገኛል። አገሩ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠ ደጋ ነው። ገብስና ባቄላ ይበቅልበታል፣ በግ ይረባበታል፤ ወተት ደግሞ የብዙ ቤት የዕለት ጉርስ ነው። እዚያ አገር ጥሩ ላም ያላት ባልቴት ጧሪ አላት ይባላል። የዛሬዋ ባለታሪኬም እንዲያ ያሉ እናት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ እማማ ይላቸዋል፤ እኔም እማማ እላቸዋለሁ። ያለቻቸው አንዲት ላም ናት። ግማሽ ደሟ የፈረንጅ፣ ግማሹ የሐበሻ ነው። መላ አካሏ ጥቁር ሆኖ ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለባት ቦራ ይሏታል።

እንግዲህ ስሙ። መስከረም ከጠባ በኋላ ነው፤ ጎረቤትየው አካፋ ሊዋስ ይመጣል። ጎንበስ ብሎ ወደ በረቱ ሲገባ ዓይኑ ከቦራ ኋላ ላይ አረፈ። ቆመ። አካፋውንም ረሳው።

«እማማ፣ ይቺ ላም ምን ሆና ነው? ሆዷ እኮ ወደ አንድ ወገን ተጣሟል! ቀኟ ወርዶ ተዘርግፏል፣ ግራዋ ሌላ ነው። ይኼ ደኅና ነገር አይደለም።»

እማማም መጥተው ከኋላ አዩ። እውነቱን ነው፤ ቀኝ ሆዷ ከታች በኩል ወደ ውጭ ገፋ ብሏል። በየቀኑ ሲያበሏትና ሲያጠጧት ከፊቷና ከጎኗ ያዩዋታል እንጂ እንዲህ ከኋላዋ ቆመው ግራና ቀኟን አስተያይተው አያውቁም ነበር። ደነገጡ።

ወሬ እግር አለው። ሳይመሽ መንደሩ በሙሉ ሰማ። አንዷ «ዓይን በልቷት ነው» አለች። ሌላው «ውሃ ቋጥራለች» አለ። ሦስተኛው «አንጀቷ ታጥፎ ነው፣ አትተርፍም» ብሎ ቁርጡን ተናገረ። በማግሥቱ ደላላ ደጃቸው ላይ ቆመ። «እማማ፣ ሳትሞትብዎት ለሥጋ ትሂድ» ብሎ የጠራው ዋጋ ላሟ ከምታወጣው ሩቡን እንኳ አይሆንም። እማማ ሌሊቱን ሲገላበጡ አደሩ። የልጅ ልጃቸው ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛው በቦራ ወተት ነው። ሊሸጧት ቆርጠው ሳለ፣ የወረዳዋ የእንስሳት ሐኪም ለክትባት ቀበሌው ድረስ መምጣቷን ሰሙና የልጅ ልጃቸውን ላኩባት።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ጎማ ቦቲዋን እንደተጫማች መጣች። ጎረቤቱ፣ ደላላው፣ ሕፃን አዋቂው ተሰብስቦ «እጇን ትስደድ፣ መርፌ ትውጋ» ብሎ ይጠብቃል። እሷ ግን ላሟን አልነካቻትም። ከኋላዋ አራት አምስት እርምጃ ርቃ ቆመችና ዝም ብላ ማየት ጀመረች። ቦራ እንደሆነች ጭድዋን በልታ ታመሰኳለች። ጉርሷን ከሆዷ ትመልሳለች፣ ትፈጨዋለች፣ ትውጠዋለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ሌላ ጉርሻ በአንገቷ ሽቅብ ሲወጣ ይታያል።

«እማማ፣ የስንት ወር እርጉዝ ናት?»

«ሰባት ወሯን ይዛለች፣ ልጄ።»

«ይኼ ሆድ የዘመመው ከመቼ ጀምሮ ነው? ድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ?»

«ትናንት ነው ያየነው እንጂ የጀመረበትንስ አላውቅም።»

«ትበላለች? ትጠጣለች? እበቷስ?»

እበቷ እዚያው ትኩስ ወድቆ ነበር፤ ለስላሳ፣ ክብ ሆኖ የተዘረጋ። ሐኪሟ ጎንበስ ብላ አየችውና ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞራ «የላም ሆድ ግራና ቀኙ እኩል ሆኖ አያውቅም። እኩል እንዲሆንም አልተፈጠረም» አለች።

እዚህ ላይ ቆም እንበልና የላም ሆድ ውስጥ ያለውን እንይ፤ የታሪኩ ቁልፍ ያለው እዚያ ነው። ላም አራት ክፍል ያለው ጨጓራ አላት። ከአራቱ ትልቁ ግራ ጎኗን ከሳንባዋ ሥር ጀምሮ እስከ ዳሌዋ ድረስ ብቻውን ይዞታል። በትልቅ የወተት ላም ከ100 ሊትር በላይ ይይዛል። የበላችው ሣርና ጭድ እዚያ ገብቶ እንደ ጠላ ጋን ሌት ተቀን ይፈላል፤ የሚያፈሉት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው። የፈላ ነገር ጋዝ ያወጣል፤ ጤነኛ ላም ያንን ጋዝ በየጊዜው በግሳት ታስወጣዋለች። ሽንፍላዋ፣ አራተኛው ጨጓራዋና አብዛኛው አንጀቷ ያሉት በቀኝ ነው። ስትፀንስም ግራው በትልቁ ጨጓራ ስለተያዘ፣ ማሕፀኗ እየከበደ ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀኝና ወደ ታች ይወርዳል። የላም እርግዝና 283 ቀን ገደማ ነው፤ ጥጃው ደግሞ እጅግ የሚያድገው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። እንግዲህ ሰባት ወር የያዘች ላም ቀኝ ሆዷ ከታች ቢገፋ ምን ይገርማል? ላም ብዙ ከወለደች ደግሞ የሆዷ ጡንቻ ስለሚላላ ሆዷ ይበልጥ ይወርዳል።

ሐኪሟ ግን በቃል ብቻ አላለፈችውም። «እማማ፣ እጅዎን ይስጡኝ» አለችና የእማማን እጅ ጨብጣ፣ በቦራ ግራ ሽንጥ ላይ፣ ከመጨረሻው ጎድን በስተኋላና ከዳሌ አጥንቱ በፊት ባለችው ሦስት ማዕዘን ጎድጓዳ ቦታ ላይ አሳረፈችው። «ጫን አድርገው ይያዙና ይጠብቁ።» እማማ ጠበቁ። ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ተነሳና ጭብጣቸውን ወደ ውጭ ገፋው፤ እንደገና ረገበ። «ይኼ ትልቁ ጨጓራ ሲላወስ ነው። በሁለት ደቂቃ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተላወሰ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ካቆመ ግን ላሟ ታማለች።»

ከዚያ ወደ ቀኝ አዞረቻቸው። ጭብጣቸውን ከታችኛው ሽንጥ ላይ አስደግፋ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋ ለቀቀች፤ ደግማ ገፋች። ሦስተኛው ላይ አንድ ጠንካራ ነገር ከውስጥ ተመልሶ የእማማን እጅ መታው።

«ኧረ ልጄ፣ መታኝ!» አሉ እማማ።

«ጥጃው ነው፣ እማማ። እንኳን ደስ አለዎት።»

ደላላው ያኔ ከሰው መሐል ሹልክ ብሎ ወጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እማማ ቢቸኩሉ ኖሮ የሚለቅሙትም አያገኙም ነበር።

ቡና ተፈላ። ሐኪሟም አገር ሁሉ ሊሰማው የሚገባውን ነገር ያን ዕለት ተናገረች። የላም ሆድ ቅርፁ ሲያስፈራችሁ ለራሳችሁ አራት ጥያቄ ጠይቁ፤ የተለወጠው በግራ ነው ወይስ በቀኝ? ከላይ ነው ወይስ ከታች? በስንት ጊዜ ውስጥ ነው? ላሟስ እንደ ወትሮዋ ትበላለች፣ ታመሰኳለች፣ እበት ትጥላለች? ቀኝ፣ ከታች፣ በወራት፣ እየበላችና እያመሰኳች ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እርግዝና ነው። ግራዋ ሲመሽ ሞልቶ፣ ጠዋት ሳትበላ ጎድጎድ ቢል የምግብ ጉዳይ ነው፤ ከግጦሽና ከውኃ መልስ ሆድ መስፋቱ ደግ ነው። ግራና ቀኟ ከታች አብረው ከወረዱና ላሟ ከከሳች፣ በተለይ ረግረግ ላይ የምትግጥ ሆና አገጯ ሥር ካበጠ፣ የጉበት ትል ይጠርጠር። እርጉዝ ሆና ሁለቱም ጎኖቿ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከልክ በላይ ከተወጠሩ፣ ሽርት ውኃው ከመጠን አልፎ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይጠራ። በቀንድ ተወግታ አንድ ቦታ ብቻ ያበጠ ደግሞ የሆድ ጡንቻው ተቀድዶ አንጀት የወጣበት ሊሆን ስለሚችል በቢላ አይነካ።

ጎረቤትየው ይህን ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ ቆየ። መስማቱም ብዙ ሳይቆይ ጠቀመው።

ጥቅምት ገባ። ዝናቡ ቆሟል፣ ወንዝ ዳሩ ግን ገና አረንጓዴ ነው። የደጋ ሰው ማገጥን ያውቀዋል፤ ባለ ሦስት ቅጠሉን፣ አበባው መስኩን የሚያለብሰውን። ለከብት ግሩም ምግብ ነው። ጎረቤትየው አንድ ማለዳ፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ ሲርባት ያደረችውን ዳልቻ ላሙን ማገጡ ላይ ለቀቃት። ፀሐይ ሞቅ ሳይል ሊያያት ሲመለስ መብላት አቁማ ቆማለች። ከኋላዋ ሄዶ ቆመ። ያቺ ግራ ጎድጓዳ የለችም፤ ሞልታ ከጀርባዋ መሥመር በላይ ተነፍታለች። በጣቱ ሲመታት ድው ድው ትላለች። ላሟ በኋላ እግሯ ሆዷን ትመታለች፤ ምራቋ ይዝረከረካል፤ አፏን ከፍታ በችኮላ ትተነፍሳለች።

ግራ፣ ከላይ፣ በአንድ ማለዳ፣ ማመስኳት ያቆመች። አራቱም መልስ ክፉ ነው። አልጠበቀም፤ ወዲያው ለሐኪሟ ደወለ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ማለት ይኼ ነው።

እሷ በሞተር እስክትደርስ የተሰበሰበው ሰው ሁለት ተከፍሎ ይከራከራል። ግማሹ «በቢላ ሽንጧን ውጋት» ይላል። ሌላው «አፏን ወደ ላይ ይዘህ በጠርሙስ ዘይት አንቆርቁርባት» ይላል። በስልክ የነገረችው ግን ሌላ ነው፤ ከማገጡ አውጥቶ፣ የፊት እግሮቿ ከፍ ባለ መሬት ላይ እንዲሆኑ ዳገት አስደግፎ እንዲያቆማት፣ እንዳትተኛ እንዲጠብቃት ነው። ጭንቅላቷን ቀና አድርጎ በጠርሙስ ያንቆረቆረ ሰው ዘይቱን ወደ ሳንባዋ ሊልክባት ይችላል።

ደረሰች። ወፍራም የጎማ ቱቦ በላሟ አፍ አድርጋ ወደ ሆዷ አወረደች። ጋዙ በአንዴ ቢወጣ ኖሮ ችግሩ ጉሮሮ ላይ የተቀረቀረ ድንች ወይም ሌላ ነገር፣ አለዚያም የግሳት መዘጋት ይሆን ነበር፤ እንዲህ ያለው ቱቦ ሲገባ ይተነፍሳል። ከዳልቻ የወጣው ግን ጥቂት አረንጓዴ አረፋ ነው። እርጥብ ማገጥና አልፋልፋ በተራበ ሆድ በብዛት ሲበላ በፍጥነት ይፈላና ጋዙ በጥቃቅን አረፋ ውስጥ ይታሰራል፤ ላሟ ልታገሳው አትችልም። ቢላውም ሆነ ቀጭኑ የሆድ መውጊያ ለእንዲህ ዓይነቱ ብዙ አያድንም፤ አረፋ በቀዳዳ አይተነፍስም። የተነፋው ጨጓራ ሳንባንና ታላላቅ የደም ሥሮችን እየተጫነ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይገድላል። ስለዚህ በዚያው ቱቦ ግማሽ ሊትር ገደማ የምግብ ዘይት አንቆረቆረች። ዘይት አረፋውን ይሰብራል። ሆዷን በእጅ እያሹ፣ ቀስ እያሉ አራመዷት። ከቆይታ በኋላ ዳልቻ አንገቷን ዘርግታ ረጅም ግሳት ለቀቀች፤ ጎረቤትየውም እንባው መጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማለዳ ከብቱን ከመልቀቁ በፊት ጭድ ወይም ድርቆሽ ያቀምሳል፤ ማገጡ ላይም ጤዛው እስኪረግፍ ይጠብቃል።

ሦስተኛዋን ላም ልንገራችሁ፤ የእሷ ነገር ከሁለቱም ይለያል። የከተማው ዳር ላይ፣ አንዲት ወተት ሻጭ የምታረባት ላም ነበረች። ቀን ቀን ከገበያው ጀርባ ቆሻሻ መጣያው ላይ ትውላለች። ሆዷ ቀስ በቀስ ተለወጠ። ከኋላዋ ለሚያያት ግራዋ ከላይ እስከ ታች ሞልቷል፣ ቀኟም ከታች ተገፍቷል፤ ከሆዷ በቀር ግን ሁሉ ነገሯ ከስቷል። አንዳንድ ቀን ነፋ ትላለች፣ በማግሥቱ ትሽላለች። ወተቷ ቀነሰ፤ እበቷ አነሰ። ባለቤትየዋ «ሆዷ ትልቅ ነው፣ ትበላለች ማለት ነው» እያለች ወራት አለፉ። ድንገት ስላልመጣ ማንም አልደነገጠም።

ሐኪሟ የተጠራችው ላሟ ቁልቁለት መውረድ ስትጠላ ነው። ጀርባዋን ቀስት አድርጋ፣ የፊት እግሮቿን ክርኖች ወደ ውጭ ከፍታ ትቆማለች። ሐኪሟ ሻኛዋ አካባቢ ጀርባዋን በሁለት እጇ ጨመደደችው። ጤነኛ ላም እንዲህ ስትያዝ ጀርባዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ ይቺ ግን አደንድና ቆመችና አቃሰተች። ደረቷ ሥር አብጧል፤ የአንገቷ ደም ሥር ተገትሮ ይታያል። ሐኪሟ ፊቷ ጠቆረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላም በከንፈሯ አትመርጥም፤ በምላሷ ሰብስባ ሳታላምጥ ትውጣለች። ፌስታልና ገመድ ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ገብቶ አይፈጭም፣ አይወጣምም፤ እየተጠመጠመ የሆዷን መውጫ ይዘጋል። ሽቦና ምስማር ደግሞ ወደ ፊተኛው የጨጓራ ክፍል ይወርዳል። ያ ክፍል ከልቧ የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ጨጓራው በተላወሰ ቁጥር ሽቦው እየገፋ ሄዶ ልብን ሊወጋ ይችላል። በጊዜ የተደረሰባት ላም ግራ ጎኗ በመርፌ ደንዝዞ፣ ቆማ ሳለች ሆዷ ተከፍቶ ፌስታሉ ይወጣላታል፤ ይህ የታወቀ ቀዶ ሕክምና ነው፣ ብዙዎችም ይድኑበታል። ለዚህችኛዋ ግን ጊዜው አልፏል። ደረት ሲያብጥና የአንገት ደም ሥር ሲገተር ሽቦው ልብ ደርሷል ማለት ነው። ላሟ አልተረፈችም። ስትከፈት የተገኘው እጅብ ያለ የተቋጠረ ፌስታልና አንዲት የዛገች ሽቦ ነው።

በአዲስ አበባ ቄራ በታረዱ ከብቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ከጨጓራ ከሚወጡት ባዕድ ነገሮች ውስጥ ፕላስቲክ ዋነኛው መሆኑን አሳይተዋል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። አዋጁ ለጽዳት ብቻ የሚጠቅም አይምሰላችሁ፤ ለላሞቻችንም ነው። የወዳደቀውን ምስማርና ሽቦ እየለቀምን፣ ፌስታላችንን ሜዳ ላይ ሳንጥል ብንኖር ስንት ላም በተረፈች!

ቦራስ? ቦራ በታኅሣሥ ወለደች፤ ግንባሯ ላይ እንደ እናቷ ነጭ ያለባት ሴት ጥጃ ሰጠች። ቀኝ ሆዷ በአንድ ሌሊት ሟሸሸ፤ መንደሩም ደግሞ «ምነው ሆዷ ጠፋ?» ብሎ ሊንጫጫ ቃጥቶት ነበር። ሐኪሟ ግን አስቀድማ አስጠንቅቃ ነበር። ማሕፀኑ ባዶ ሲሆን ሆድ ውስጥ ሰፊ ቦታ ይከፈታል፤ አራተኛው ጨጓራ በጋዝ ተሞልቶ ወደ ግራ ሊንሳፈፍ፣ አንዳንዴም በቀኝ በኩል ሊጠማዘዝ ይችላል። ይህ የሚበዛው ብዙ በሚታለቡ የፈረንጅ ላሞች ላይ፣ ከወሊድ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ነው። ስለዚህ ከወለደች በኋላ ፉሩሽካና ፋጉሎ እየጠላች ጭድ ብቻ የምትነካካ ከሆነ፣ ወተቷም ከወረደ፣ ሆዷ ትልቅም ሆነ ትንሽ ሐኪም ይጠራ። በቀኝ በኩል ከላይ ድንገት ከተነፋች ደግሞ ለነገ አይባልም። ሐኪሙ ጎኗን በጣቱ እየመታ በማዳመጫ ሲሰማ የሚያቃጭል ድምፅ ከሰማ ነገሩን ያውቀዋል። ቦራ ግን በልታ፣ አመስኳታ፣ ታልባ ወሩን ጨረሰች።

እንግዲህ ላም ያላችሁ ሁሉ ቃሌን ያዙ። ጠዋት ከማለባችሁ በፊት ከኋላዋ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ቁሙና ግራና ቀኟን አስተያዩ። የእናንተ ላም ወትሮ ምን እንደምትመስል ካላወቃችሁ ዛሬ መለወጧን ማወቅ አትችሉም፤ የጎረቤታችሁ ላም ቅርፅ ለእናንተ ላም መለኪያ አይሆንም። ስልክ ያለው በየሳምንቱ ከኋላ ፎቶ ያንሳት፤ ቀስ ብሎ የሚመጣውን ለውጥ ዓይን ይለምደዋል፣ ፎቶ ግን አይለምደውም። ደላላ በር ላይ ቢቆም አራቱን ጥያቄዎች ሳትመልሱ ገመዱን አታስረክቡ። ለሐኪም ስትደውሉም «ላሜ ታማለች» ብቻ ብላችሁ አትዝጉ። «ግራዋ ነው፣ ከላይ ነው፣ ከንጋት ወዲህ ነው፣ ማመስኳት አቁማለች» በሉ። ሐኪሙ ያን ከሰማ ምን ይዞ እንደሚመጣና ምን ያህል መፍጠን እንዳለበት ከቤቱ ሳይወጣ ያውቃል።